የተማሩት ትምህርት በመንገድ እንዳይቀር፦ ክሬዲት ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው እንዴት ይዛወራል?

ባሕር ዳር፦ መስከረም ሲጠባ በብዙ የገጠር ቤቶች ሁለት ሒሳብ ጎን ለጎን ይሠራል። አንደኛው የደረሰው አዝመራ ነው። ሁለተኛው ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጅ ወጪ ነው። ልጁ ትምህርቱን በጀመረበት ተቋም ካጠናቀቀ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ስንት ዓመት እንደቀረው ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በሕመም፣ በጋብቻ፣ በሥራ ዝውውር፣ በጸጥታ ችግር ወይም በኮሌጁ መዘጋት ምክንያት ወደ ሌላ ተቋም መሄድ ግድ ሲሆን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። እስካሁን የተማረው ይቆጠርለታል ወይስ እንደ አዲስ ይጀምራል?

የጥያቄው መልስ ያለው በሁለቱ ተቋማት ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶችና በተቀባዩ የትምህርት ክፍል ዘንድ ነው። አሠራሩ “የክሬዲት ዝውውር” ይባላል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ስም የሚሰሙት ማስረጃቸው ሳይሟላና የምዝገባው ጊዜ ካለፈ በኋላ በመሆኑ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ያጣሉ። ይህ ጽሑፍ የክሬዲት ዝውውር ምን እንደሆነ፣ ተቀባዩ ተቋም ምን እንደሚመረምር እና ተማሪውና ቤተሰቡ ከወዲሁ ምን ማዘጋጀት እንዳለባቸው ያብራራል።

ክሬዲት ምንድን ነው?

ክሬዲት ተማሪው በአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ ያዋለው ጊዜና ድካም የሚለካበት መስፈሪያ ነው። በሀገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው “ክሬዲት አወር” የሚባለው ነው። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል የሚሰጥ ትምህርት አንድ ክሬዲት አወር ይባላል። የቤተ ሙከራ ወይም የመስክ ልምምድ ከሆነ ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት እንደ አንድ ክሬዲት ይቆጠራል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሰዓት ንድፈ ሐሳብና ሦስት ሰዓት ቤተ ሙከራ ያለው ኮርስ በብዙ ቦታ ሦስት ክሬዲት አወር ይይዛል።

ሁለተኛው መስፈሪያ “ኢሲቲኤስ” በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ነው። መነሻው አውሮፓ ሲሆን፣ ተማሪዎች ከአንዱ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ትምህርታቸው እንዲቆጠርላቸው እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር በ1989 ተጀመረ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ሥርዓተ ትምህርታቸውን በሞጁል ሲያደራጁ ይህን መለኪያ ተቀብለዋል። ኢሲቲኤስ የሚለካው በክፍል ውስጥ የሚያልፈውን ሰዓት ብቻ አይደለም። ተማሪው የሚያነብበት፣ የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ ለፈተና የሚዘጋጅበትና በመስክ የሚውልበት ጊዜ ሁሉ ይደመራል። በሀገራችን አንድ ኢሲቲኤስ 27 የሥራ ሰዓት ተደርጎ ይሰላል። በዚህ ስሌት አምስት ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ የተማሪውን 135 ሰዓት ይጠይቃል። መደበኛ የአንድ ሴሚስተር ጭነት 30 ኢሲቲኤስ፣ የአንድ ዓመት ደግሞ 60 ነው።

በብዙ የኮርስ መግለጫዎች ላይ ሁለቱም መለኪያዎች ጎን ለጎን ተጽፈው ይታያሉ። የተለመደው ምጣኔ ሦስት ክሬዲት አወር ከአምስት ኢሲቲኤስ ጋር እኩል መሆኑ ነው። አራት ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ ወደ ሰባት ኢሲቲኤስ ይጠጋል።

አርሶ አደሩ ይህን ከገበያ ያውቀዋል። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ይበልጣል ወይም ያንሳል። እህሉን ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው የሚወስድ ሰው በኪሎ ካልመዘነው በስተቀር ምን ያህል እንደያዘ በእርግጥ ሊናገር አይችልም። ኢሲቲኤስና ክሬዲት አወር የትምህርት ሚዛኖች ናቸው። ይሁን እንጂ ሚዛን የሚናገረው ስለ ክብደት ብቻ ነው። በጆንያው ውስጥ ያለው ጤፍ ይሁን ማሽላ ሚዛኑ አይለይም። የክሬዲት ዝውውር ትልቁ ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ተቀባዩ ተቋም ምን ይመረምራል?

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአካዳሚክ ጉዳይ የራሳቸው ሥልጣን አላቸው። የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት የሚያወጣው ደንብ ስለ ዝውውርና ስለ ኮርስ አቻነት የራሱ አንቀጾች አሉት። በመሆኑም አንዱ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለውን ኮርስ ሌላው ላይቀበለው ይችላል። ይህ ለተማሪው ግራ ቢሆንም ከሕግ ውጭ አይደለም። የየተቋሙ ደንብ በዝርዝር ቢለያይም አብዛኞቹ የሚመለከቷቸው ነጥቦች ተቀራራቢ ናቸው።

የመጀመሪያው የላኪው ተቋም ሕጋዊነት ነው። ኮሌጁ በተማሪው የትምህርት መስክ፣ በዚያው ካምፓስና በዚያው የትምህርት ደረጃ ፈቃድ ነበረው ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

ሁለተኛው የኮርሱ ይዘት ነው። የኮርሱ ስም አንድ መሆን ብቻ በቂ አይደለም። የትምህርት ክፍሉ መምህራን የሁለቱን ተቋማት የኮርስ ዝርዝር፣ ማለትም ሲለበሱን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠው ምዕራፍ በምዕራፍ ያስተያያሉ። አብዛኛው ይዘት ከተገጣጠመ ኮርሱ ይያዛል፤ ካልተገጣጠመ ይቀራል።

ሦስተኛው የክሬዲቱ መጠን ነው። ተማሪው የመጣበት ኮርስ ሁለት ክሬዲት አወር፣ የተቀባዩ አራት ክሬዲት አወር ከሆነ ግማሹ እንደጎደለ ይቆጠራል። በተቃራኒው የተማሪው ኮርስ ከበለጠ ትርፉ ብዙውን ጊዜ አይታሰብለትም።

አራተኛው ውጤቱ ነው። በብዙ ተቋማት ዘንድ “ሲ” እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት ለዝውውር ይቀርባል። “ዲ” ያገኘ ተማሪ በነበረበት ተቋም ኮርሱን እንዳለፈ ቢቆጠርም አዲሱ ተቋም እንዲደግመው ሊጠይቀው ይችላል። ውጤቱ ያልተሟላ ወይም ጭራሹን ያልተመዘገበ ኮርስ ደግሞ አይዛወርም።

አምስተኛው ጊዜ ነው። ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጡ መስኮች ከብዙ ዓመት በፊት የተወሰደ ኮርስ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። የኮምፒዩተር ትምህርት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ከጠቅላላው ትምህርት የተወሰነውን ክፍል እነርሱ ዘንድ እንዲማር ያስገድዳሉ። ዲግሪው የሚሰጠው በእነርሱ ስም ስለሆነ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ቦታ የተማረ ሰው አንድ ሴሚስተር ብቻ ተምሮ በአዲሱ ተቋም ስም የሚመረቅበት ዕድል ጠባብ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ለምን ቀለለ?

በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ቢያንስ አራት ዓመት እንዲሆን ተደርጎ የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ኮርሶች ተደራጀ። ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ፣ አጠቃላይ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎት፣ ሒሳብ እና ሌሎችም ኮርሶች በሀገር አቀፍ ደረጃ በተዘጋጀ ተመሳሳይ ይዘት ይሰጣሉ።

ይህ ለዝውውር ትልቅ ጥቅም አለው። ደብረ ማርቆስ የተወሰደው ሎጂክ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሚሰጠው ጋር አንድ ዓይነት ሞጁል የሚከተል በመሆኑ የይዘት ንጽጽሩ ብዙ አያከራክርም። ስለዚህ አንደኛ ዓመቱን አጠናቅቆ የሚዛወር ተማሪ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይልቅ የሚያጣው ትምህርት ትንሽ ነው። መዛወሩ የማይቀር ከሆነ ወደ ትምህርት ክፍል ከመግባት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

በአንጻሩ በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያ ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለው ትምህርት፣ የዲግሪው አካል አይደለም። የመግቢያ በር እንጂ ክሬዲት ስላልሆነ በዝውውር ጊዜ አይቆጠርም።

ከአንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው

በአማራ ክልል 10 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እነርሱም ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ወሎ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ታቦር፣ ወልድያ፣ እንጅባራ፣ ደባርቅና መቅደላ አምባ ናቸው። በመደበኛው መርሐ ግብር ተማሪ የሚመደበው በትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ ቤተሰብ ልጁ ወደ ቅርብ ቦታ እንዲመጣለት ስለፈለገ ብቻ ዝውውር አይፈቀድም።

በምደባ ወቅት ልዩ ትኩረት ከሚሰጣቸው መካከል ከባድ የጤና ችግር ያለባቸው፣ አካል ጉዳተኞች፣ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች እንዲሁም መንትዮች ይገኙበታል። ከምደባ በኋላ የሚቀርብ የዝውውር ጥያቄም በአብዛኛው የሚመዘነው በተመሳሳይ ምክንያቶች ነው። በጤና ምክንያት የሚጠይቅ ተማሪ ከታወቀ የጤና ተቋም በሐኪሞች ቦርድ የተሰጠ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ የትምህርት ክፍልና ክፍት ቦታ ያለው መሆኑም ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ዝውውርና የክሬዲት መያዝ አንድ ይመስላቸዋል። አይደሉም። ተማሪው በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ሊያገኝ ይችላል፤ ሆኖም የወሰዳቸው ኮርሶች በሙሉ ላይያዙለት ይችላሉ። የመጀመሪያው ውሳኔ የመግቢያ ነው፤ ሁለተኛው የአቻነት ነው። ተማሪው “ተቀብለንሃል” የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው “የትኞቹ ኮርሶቼ ተያዙ?” ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚደርሰው ጉዳት ከግቢ አወጣጥ ጋር የተያያዘ ነው። በሕመም ወይም በጸጥታ ችግር ሻንጣውን ይዞ በድንገት ወደ ቤቱ የሄደ ተማሪ የመልቀቂያ ቅጽ ካልሞላ በዚያ ሴሚስተር የተመዘገበባቸው ኮርሶች እንደወደቀባቸው ሊጻፍ ይችላል። ይህ ውጤት ወደየትም ይከተለዋል። ቅጹን ሞልቶ የወጣ ተማሪ ግን ያጠናቀቃቸው ሴሚስተሮች ንጹሕ ሆነው ይቆዩታል፤ የመመለስም ሆነ የመዛወር መብቱ ይጠበቃል። በአካል መሄድ በማይቻልበት ጊዜ ጉዳዩን ለሬጅስትራር በደብዳቤ አሳውቆ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ከምንም ይሻላል።

ከግብርና ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ

ለገጠሩ ማኅበረሰብ ከሁሉም በላይ ቅርብ የሆነው የዝውውር ጉዳይ ይህ ነው። በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ዘርፍ ተመድበው አርሶ አደሩን የሚያማክሩት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አብዛኞቹ የወጡት እንደ ወረታና ኮምቦልቻ ካሉ የግብርና ኮሌጆች ነው። ባለሙያዋ ወይም ባለሙያው በዲፕሎማ ወይም በደረጃ 4 ተመርቀው ጥቂት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ዲግሪ መማር ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ የሚገጥማቸው ጥያቄ “በኮሌጅ የተማርነው ለምን አይቆጠርም?” የሚል ነው።

ምክንያቱ በሁለቱ ሥልጠናዎች አወቃቀር ውስጥ ይገኛል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 በብቃት ላይ የተመሠረተ ነው። ከሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ተደርጎ የተቀረጸ ሲሆን ሠልጣኙ የሚመዘነው “ይህን ሥራ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም?” በሚል ነው። በመጨረሻም ሲኦሲ ተብሎ የሚታወቀውን የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል። ዩኒቨርሲቲው ግን የሚቆጥረው በክሬዲትና በፊደል ውጤት ነው። ስለዚህ በኮሌጁ ማስረጃ ላይ የሰፈረው የብቃት አሃድ በዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት ላይ የሚገባበት ቀጥተኛ ሳጥን የለም።

ለአብነት የአፈር ትምህርትን መመልከት ይቻላል። የኮሌጁ ሠልጣኝ የአፈር ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ፣ ኮምፖስት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ አሲዳማ መሬት በኖራ እንዴት እንደሚታከም በማሳ ላይ ሠርቶ አሳይቷል። የዩኒቨርሲቲው “የአፈር ሳይንስ መግቢያ” ደግሞ ስለ አፈር አፈጣጠር፣ ስለ ሸክላ ማዕድናት፣ ስለ ኬሚካላዊ ልውውጥ በስፋት ያስተምራል። ባለሙያው ኖራ ለምን እንደሚጨመር ከመምህሩ እኩል ሊያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን የኮርሱ የኬሚስትሪ ክፍል በማስረጃው ላይ ስለማይታይ የትምህርት ክፍሉ ኮርሱን ለመያዝ ይቸገራል።

ችግሩ መፍትሔ የሌለው አይደለም። ከዲፕሎማ ለሚመጡ ባለሙያዎች የተወሰኑ ኮርሶችን በጅምላ ቆጥሮ የትምህርቱን ዘመን የሚያሳጥር አሠራር በሀገራችን ቆይቷል። “አድቫንስድ ስታንዲንግ” ይባላል። ከሁሉም የሚታወቀው ምሳሌ በያኔው አለማያ፣ በአሁኑ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እንደ ጎርጎሮሳውያኑ በ1997 የተጀመረው የግብርና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ነው። በሳሳካዋ የአፍሪካ ኤክስቴንሽን ትምህርት ፈንድ ድጋፍ የተከፈተው ይህ መርሐ ግብር በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎችን ለዲግሪ ተቀብሏል፤ የትምህርቱም አንድ አካል ተማሪው ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ ከአርሶ አደሩ ጋር የሚያካሂደው ፕሮጀክት ነበር። በኋላም ሌሎች የሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ መርሐ ግብር ከፍተዋል። የመስክ ልምድ በትክክል ከተመዘገበና በመምህራን ከተገመገመ እንደ ትምህርት ሊቆጠር እንደሚችል ይህ ማሳያ ነው።

ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ የሚያሻግረው የመግቢያ መስፈርት ግን በየጊዜው በሚወጡ መመሪያዎች ተለዋውጧል። የሥራ ልምድ፣ የሲኦሲ ማረጋገጫ፣ የመግቢያ ፈተና ወይም የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚጠየቅበት ሁኔታ ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ የገባ የሥራ ባልደረባ የነገረን ምክር ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ባለሙያው ሥራውን ከመልቀቁ ወይም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የዘመኑን መመሪያ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ ማረጋገጥ አለበት።

የግል ኮሌጅ ተማሪዎች

በከተሞቻችን ብዙ ወጣቶች የሚማሩት በግል ኮሌጆች ነው። በእነዚህ ዘንድ ከዝውውር በፊት የሚነሣው ጥያቄ የዕውቅና ፈቃድ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚያድሰውና የሚሰርዘው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ፈቃዱ ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን በትምህርት መስክ፣ በደረጃ፣ በመርሐ ግብርና በካምፓስ ተለይቶ ነው። በአንድ ከተማ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ለነርሲንግ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

ያለ ፈቃድ የተሰጠ ትምህርት ምንም ያህል በጥሩ መምህራን ቢሰጥ ክሬዲቱ አይዛወርም። ገንዘቡም ጊዜውም ባክኖ ይቀራል። ስለዚህ ለመመዝገብ የሚሄድ ተማሪ የፈቃዱን ቅጂ ለማየት መጠየቅ፣ የተጻፈበትን ቀን፣ የትምህርት መስኩንና የካምፓሱን ስም ማንበብ፣ ከተጠራጠረም ከባለሥልጣኑ ማጣራት ይገባዋል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ አይገዛም።

ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን እንደ አዲስ መመዝገብ መጀመሩን ተከትሎ ከሥራ የወጡ ኮሌጆች አሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተማሪው የውጤት መዝገብ የት እንዳለ ማወቅ ቀዳሚው ጉዳይ ነው። ኮሌጁ በራሩን ሳይዘጋ፣ መዝገቡን የሚያውቁት ሠራተኞች ሳይበተኑ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትና የኮርስ መግለጫ ማውጣት ያስፈልጋል። ገና ያልተመረቀ ተማሪም ቢሆን እስከዚያው ድረስ ያለውን ውጤት ማስወጣት ይችላል።

አንድ ኮርስ አንድ ዓመት ሊበላ ይችላል

ያልተያዘ ክሬዲት ዋጋው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ተማሪ እያንዳንዳቸው ሦስት ክሬዲት ያላቸውን 18 ኮርሶች ጨርሳ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄደች እንበል። 12ቱ ተያዙላት፤ ስድስቱ አልተያዙም። አዲሱ ኮሌጅ በክሬዲት 600 ብር የሚያስከፍል ቢሆን 18 ክሬዲቱን ለመድገም 10 ሺህ 800 ብር ትከፍላለች። የቤት ኪራይና ቀለብ ከዚህ ውጭ ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚከብደው ጊዜ ነው። ኮርሶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱን ሳይወስዱ ቀጣዩን መውሰድ አይቻልም። በብዙ የትምህርት ክፍሎች አንድ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ መነሻ ኮርስ ሳይያዝ ቢቀር ተማሪው ያ ኮርስ እስከሚሰጥበት እስከ ቀጣዩ ዓመት ይጠብቃል፤ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ኮርሶችም አብረው ይዘገያሉ። በወረቀት ላይ የጎደለው ሦስት ክሬዲት ነው፤ በኑሮ ላይ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ሊሆን ይችላል። የአቻነት ውጤቱ ሲነገር መጀመሪያ መታየት ያለበት የተያዙት ኮርሶች ብዛት ሳይሆን ካልተያዙት መካከል ሰንሰለቱን የሚያቋርጥ መኖር አለመኖሩ ነው።

ውጤትን በተመለከተም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በብዙ ተቋማት የተዛወረ ኮርስ ክሬዲቱ እንጂ የፊደል ውጤቱ በአዲሱ አማካይ ነጥብ ውስጥ አይገባም። ጥሩ ውጤት ይዞ የመጣ ተማሪ ነጥቡን እንደ አዲስ መገንባት ይኖርበታል። ስለዚህ በአዲሱ ተቋም የመጀመሪያው ሴሚስተር ወሳኝ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም መዘንጋት የለበትም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ በዚህ ሀገር አቀፍ ፈተና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ፈተናው የሚዘጋጀው ከትምህርት መስኩ ዋና ዋና ኮርሶች ነው፤ ተማሪው ኮርሱን የት እንደወሰደው አይጠይቅም። በዝውውር የተያዘለትን ኮርስ “ተገላገልሁት” ብሎ ደብተሩን የጣለ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ጥያቄው ከዚያው ይመጣበታል። የቀድሞውን ተቋም ሞጁሎችና ማስታወሻዎች ማስቀመጥ ይገባል።

ምን መዘጋጀት አለበት?

ዝውውር የሚያስብ ተማሪ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ቢፈጽም ከብዙ እንግልት ይድናል።

1. ከመልቀቁ በፊት ወደ ተቀባዩ ተቋም ሄዶ ወይም ደብዳቤ ጽፎ ቦታ መኖሩን፣ የማመልከቻ ጊዜውንና የሚጠየቀውን ማስረጃ ማጣራት። ማመልከቻ የሚቀርበው ከምዝገባ በፊት እንጂ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ አይደለም።

2. የየሴሚስተሩን ግሬድ ሪፖርትና በእጅ የሚሰጠውን የተማሪ ቅጂ መሰብሰብ። ይህ ቅጂ ለመጀመሪያ ንጽጽር ያገለግላል፤ ለመጨረሻው ውሳኔ ግን አይበቃም።

3. የወሰዳቸውን ኮርሶች ሁሉ ሲለበስ በትምህርት ክፍሉ ማኅተም አስደርጎ መያዝ። ብዙ ማመልከቻዎች የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ በኋላ የቀድሞውን ሲለበስ ማግኘት ስለሚያስቸግር በየሴሚስተሩ መጨረሻ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

4. የመልቀቂያ ቅጹንና ክሊራንሱን መጨረስ። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ የመኝታ ክፍል ቁልፍ፣ ያልተከፈለ ገንዘብ ካለ ትራንስክሪፕቱ ይያዛል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ከሆነ የወጪ መጋራት ውሉም በሰነዱ ውስጥ በትክክል መመዝገቡን ማየት ያስፈልጋል።

5. ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ እንዲላክ መጠየቅ። ተማሪው ከፍቶ የሚያመጣው ትራንስክሪፕት ኦፊሻልነቱን ያጣል። የተላከበትን ቀንና ቁጥር ግን ተማሪው ጽፎ ይያዝ።

6. የአቻነት ውሳኔውን በጽሑፍ መቀበል። የተያዙትና ያልተያዙት ኮርሶች በዝርዝር የሰፈሩበት፣ ፊርማና ማኅተም ያለው መሆን አለበት። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ይለዋወጣሉ፤ የቃል ፈቃድ በምረቃ ዓመት ምስክር የለውም።

7. ያልተያዘ ኮርስ ላይ ቅሬታ ካለ ሲለበሱን አያይዞ በወቅቱ ማቅረብ። ደረጃው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ፋኩልቲው ወይም ኮሌጁ፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲው አካዳሚክ አመራር ነው።

ስም አጻጻፍም ትልቅ ነገር ነው። በ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ በኮሌጁ መዝገብና በመታወቂያ ላይ የተማሪው ስም በእንግሊዝኛ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ከተገኘ ፋይሉ ይቆማል። ይህን ማስተካከል የሚቀለው ተማሪው ገና በግቢው ውስጥ እያለ ነው።

ከውጭ ሀገር የሚመጣ ትምህርት

በስደት ወይም በትምህርት ዕድል ወደ ውጭ ሄዶ የተማረ ሰው ሲመለስ ማስረጃው ከሀገር ውስጥ ትምህርት ጋር ያለውን አቻነት የሚወስነው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ያልተጠናቀቀ ትምህርት ይዞ የሚመጣ ተማሪ ግን የኮርሶቹን ንጽጽር የሚያገኘው ከሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ለሚሄድም የሚጠየቀው ተመሳሳይ ነው፤ ትራንስክሪፕት፣ የኮርስ መግለጫና የላኪው ተቋም ሕጋዊነት። በአፍሪካ ደረጃ የአንዱ ሀገር ትምህርት በሌላው እንዲታወቅ የሚያስችለው የተሻሻለው ስምምነት በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀ በመሆኑ በከተማዋ ስም “የአዲስ ስምምነት” ተብሎ ይጠራል።

ከተቋማቱ የሚጠበቀው

ሸክሙ በተማሪው ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ጎረቤት የሆኑ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አስቀድመው ቢስማሙ፣ ከዚህ ኮሌጅ የሚመጣ የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ እነዚህና እነዚያ ኮርሶች ይያዙለታል የሚል ሠንጠረዥ አዘጋጅተው በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ ለየብቻው ፋይል ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም ነበር። ተማሪውም ኮሌጅ ሲገባ መንገዱ እስከየት እንደሚወስደው ያውቃል።

የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ተሞክሮ ይህ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ይዘቱ አንድ ሲሆን ክርክሩ ይቀራል። ተመሳሳይ ሥራ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ቢሠራ ተጠቃሚው ባለሙያው ብቻ አይሆንም። ዲግሪውን በሁለት ዓመት ጨርሶ ወደ ቀበሌው የሚመለስ ባለሙያና አራት ዓመት ከማሳ ርቆ የሚቆይ ባለሙያ ለአርሶ አደሩ ያላቸው ልዩነት ሰፊ ነው።

እስከዚያው ድረስ የተማሪው ዋስትና ወረቀቱ ነው። አርሶ አደሩ ምርቱን አውድቶ ሲጨርስ ከዐውድማ ወደ ጎተራ እስኪያስገባ ድረስ አይተኛም፤ ዝናብም ምስጥም ያገኘዋልና። የተማሩትንም ትምህርት በማኅተም አስደግፎ በእጅ ማስገባት የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል።